በሳሙናው ላይ ያለው ጥፍር

ለሥራው አዲስ የሆነችው የእርዳታ ድርጅቱ የንጽሕና ገምጋሚ በሦስተኛው ቤት መጸዳጃ በር ላይ የተቀመጠውን ሳሙና አንስታ ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ያለው የጥፍር ምልክት የራሷ ነበር። አሠልጣኟ «አለን ስላሉሽ ብቻ እንዳትጽፊ፤ በጥፍርሽ ጫን አድርገሽ እዪው፤ ከደረቀ አልታጠቡበትም» ብሏት ስለነበር፣ ጠዋት በመጀመሪያው ቤት ጫን አድርጋው ነበር።

«እህቴ፣ ሳሙና የሌለው ቤት ከእርዳታው ይሰረዛል አሉን፤ ታዲያ ምን እናድርግ?» አለች የቤቱ እመቤት መሬት መሬት እያየች። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቷ እጇን ዘርግታ ቆማ ነበር። «ከጨረስሽ ላቀብላት፤ ቀጣይዋ እሷ ናት።»

ገምጋሚዋ ሳሙናውን ራሷ አቀበለቻት። ከዚያ ቅጹን ገልብጣ በባዶው ጀርባ «ለሦስት ቤት አንድ ሳሙና» ብላ ጻፈች። ጥቂት አሰበችና ሦስቱን አራት አደረገችው።