ሃሪየት ክሌግ የምትባል ሴት

አንዲት እመቤት በማንችስተር ከተማ ስለ ሴቶች መብት የምትናገርበት አዳራሽ ሁሉ ጢም ብሎ ይሞላል። በዚያ ዓመት ግን አንድ ስም እረፍት ነሳት፤ ሃሪየት ክሌግ።

እሷ ንግግር ባደረገች ቁጥር የሃሪየት ደብዳቤ በሳምንቱ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። «እመቤቲቱ ስለ ሴቶች ድካም አሳምረው ይናገራሉ፤ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው እሳት አንድደው ግን አያውቁም» ይላል። ስድብ የለበትም፤ ይበልጥ የለበለባትም ይኸው ነው።

መቀመጥ አልሆነላትም። ሃሪየትን ፍለጋ የጥጥ ፋብሪካዎቹን፣ የልብስ ማጠቢያ ቤቶቹን፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበሮቹን አዳረሰች። የሚያውቃት ጠፋ። በመጨረሻ ወደ ጋዜጣው አዘጋጅ ሄደች።

«ከዚህች ሴት ጋር ያገናኙኝ» አለችው። «ልከራከራት አይደለም፤ ከጎኔ ቆማ እንድትናገር ልለምናት ነው።»

«ዓርብ ዓርብ ደብዳቤዋን ራሷ ታመጣለች» አላት። «ይቀመጡ፣ አሁን ትደርሳለች።»

አልተቀመጠችም። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ስትንጎራደድ ቆየች። በሩ ሲከፈት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቷን ስትጠርግና ምግቧን ስታበስል የኖረችው ገረዷ ፖስታ ይዛ ገባች።

«ጄን፣ እዚህ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

ገረዷ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጄን ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ናት፣ እመቤቴ» አለች። «የተቀጠርኩ ዕለት ስሜን ነግሬዎት ነበር። ‹ለእኔ ጄን ይቀለኛል› አሉኝ።»