ምስጦቹ የመረጡት በርጩማ

መንዲ ከተማ ውስጥ ምስጥ መግደል ከቀረ ሰነባብቷል። ባለሙያ ያነጋግራቸዋል፤ ቤቱን ይተዉና በምትኩ የባለቤቱ ገላ አብዝቶ የነካውን አንድ እንጨት ይወስዳሉ።

ምስጥ ቤታቸውን የወረረባቸው ኦቦ ቀነአ አሮጌ የእንጨት ሳጥን አቀረቡ። ምስጦቹ አልነኩትም።

«በርጩማውን ነው የፈለጉት» አለች ባለሙያዋ ጉዲኔ።

ታናሽ ወንድማቸው በሠርጉ ቀን እሳቸውን ከውሻው ጋር ደጅ ያስቀመጠበት በርጩማ ነው። ሠላሳ ዓመት እዚያው ላይ ተቀምጠው ወንድምየውን ሲረግሙ ኖረዋል።

«እሱንማ ሞቼ ነው የምሰጠው!»

«እንግዲያው ምሰሶውን ይበሉታል፣ ኦቦ።»

እያጉረመረሙ በርጩማውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። ነጭ የምስጥ ጅረት ከመሬት ፈለቀ፤ አንድም ምሰሶ ሳይነካ በርጩማውን አልብሶ፣ አፈር አድርጎት ተመልሶ ሰመጠ።

«ወይ የፈጣሪ ሥራ!» አሉ ኦቦ ቀነአ። «ግን ልጄ፣ ከእንግዲህ ምን ላይ ተቀምጬ ልርገመው?»