ይክፈትልን

ካሜራው በርቷል። መካነ ሰላም ሜዳ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ እማማ ሙሉሐረግን ያይ ነበር። ምርቃታቸው ይሰምራል ተብሎ ስለሚታመን ለቴሌቪዥን ዜናው እንዲናገሩ የተመረጡት እሳቸው ናቸው። ማንበብ ስለማይችሉ የወረዳው ካድሬ ሦስት ነገር በቃል አስጠንቷቸዋል፦ መንገዱ ተከፍቷል፣ ማዳበሪያው ደርሷል፣ የታሰሩት ተፈተዋል።

"ይጀምሩ እማማ" አለ ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አቁሞ የሚቀርፀው አዩብ።

እማማ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ሁለት መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። "መንገዱን ይክፈትልን!"

"አሚን!" አለ ሕዝቡ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም እጁን ዘርግቶ።

"ማዳበሪያውን ያድርስልን!"

"አሚን!"

አዩብ በካሜራው እያያቸው ተደነቀ። ካድሬው ካስጠናቸው ውስጥ አንዱንም አልረሱ፤ ሆኗል የተባለውን ሁሉ ይሁንልን አደረጉት እንጂ።

"እንደሱ አይደለም እማማ!" ካድሬው ካሜራው ፊት ሊገባ ምንም አልቀረው። "ተከፍቷል ነው የሚባለው! ደርሷል!"

"ካፍህ ይቀበልህ ልጄ" አሉት፣ እጃቸውን ሳያጥፉ። ሕዝቡ ለሱም አሚን አለለት። ከዚያ እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የታሰሩትን ይፍታልን።"

የዚህኛው አሚን ሜዳውን አናወጠው። ካድሬው ወደ አዩብ ዞሮ "አጥፋው! አጥፋው እንጂ!" ብሎ ጮኸ።

አዩብ ግን ካሜራውን የሚያጠፋበት እጁ ነፃ አልነበረም። መዳፉ እንደ ሕዝቡ ወደ ሰማይ ተዘርግቶ ነበር።