ቀይዋ መኪና ደንገጎን ስትወጣ

ቤንዚን መሸጥ ከተከለከለ ወዲህ ሞተሩ ያልተቀየረ መኪና ሁሉ ወደ ብረት ማቅለጫ እየተጎተተ ነው። ትርንጎ ግን እሷና ባሏ ጌጡ በወጣትነታቸው የገዟትን፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘውን ቀይ እስፖርት መኪና አላስነካም አለች። ሞተሯን አስወጥታ ባትሪ አስገጠመችላት። ጌጡ «ገደልሻት!» ብሎ አኮረፈ። መኪናዋ ተረፈች፤ ትርንጎ ግን ከጎኗ የሚቀመጥ አጣች።

እሑድ ጠዋት እጁን ጎትታ አስገባችውና ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ ዳገት ጉዞ ጀመሩ።

«ይቺ የቡና መፍጫ ደንገጎን ልትወጣ?» አለ ጌጡ።

«ካቃታት አንተ ትገፋታለህ!»

ዳገቱ ላይ ስትረግጣት መኪናዋ ኮሽ ሳትል ተፈተለከች። የጭነት መኪናውንም አውቶቡሱንም ጥላቸው ሄደች።

«ቀስ በይ፣ ሴትዮ!» አለ ጌጡ፤ ጥርሱን መሸፈን ግን አቅቶታል።

አናቱ ላይ ቆሙ። ትርንጎ ኮፈኑን ከፍታ የምሳ ዕቃውን አወጣች። ድሮ ሞተሩ ጎን ትሸጉጠውና እዚህ ሲደርሱ ወጡ ይንተከተክ ነበር። ዛሬም በልማድ እዚያው ሸጉጣዋለች። ጌጡ ቀመሰው።

«በረዶ!»

«ይሄን እንኳ አላሰብኩትም» አለች ትርንጎ።

ጌጡ የምሳ ዕቃውን ከደነና እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን አምጪ። ቤት ወርደን አሙቀን እንበላለን።»

«እዚሁ ብንበላስ?»

«ቀዝቃዛ ወጥ አልበላም!» ብሎ መሪውን ያዘ። ቁልቁለቱን እያፏጨ ወረደው። ሰፈራቸው ሲደርሱ ግን ፍጥነቱን አልቀነሰም።

«ጌጡ፣ ቤታችንን አለፍከው እኮ!»

«አይቼዋለሁ» አለና መኪናዋን መልሶ ወደ ደንገጎ አዞራት።