ስህተት የሚሸከሙ ብረቶች

ባልና ሚስቱ ወደ ጎልፍ ዕቃ መሸጫው የገቡት ከምሳ በኋላ ነው። ባልየው ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ቀኝ እጁ የሚንቀጠቀጥ። ሚስቱ በዚያ ሙቀት ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች። ተቀመጪ ሳይሏት በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ጎልፍ ሊጀምር ነው» አለች።

«ልመለስ ነው በይ» አለ ባልየው። «ጀማሪ አታስመስይኝ።»

ባለሱቁ ፈገግ አለ። እንዲህ ያሉ ተመላሾችን ያውቃቸዋል። ድሮ የመቱትን ርቀት አይረሱም፤ ከዚያ ወዲህ የጨመሩትን ዕድሜ ግን ይረሳሉ።

መሐንዲሱ በቀጥታ የሄደው ወደ ቀጫጭኖቹ ብረቶች ነበር። እነሱ የጎበዝ መምቻ ናቸው፤ ኳሱን ልክ መሃላቸው ላይ ካላገኙት ኳሱም ጫካ ይገባል፣ የመቺውም ክንድ ይነዝራል። ለመሞከሪያ የተዘረጋው መረብ ፊት ቆሞ ሞከረ። የመጀመሪያው ኳስ ጣሪያውን ነካ። ሁለተኛውን ጭራሽ ሳተው።

«ወለሉ ጠማማ ነው» አለ።

«ወለሉ ምን አደረገህ?» አለች ሚስቱ ከወንበሯ። «ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነህ ነው እንጂ።»

ባለሱቁ ጀርባው የተቦረቦረ፣ ከሥሩ ወፈር ያለ ሌላ ብረት አመጣ። «ይሄ ስህተት ይሸከማል ጋሼ። ከመሃሉ ወጣ አድርገው ቢመቱበትም ኳሱ ብዙ አይጣመምም።»

«የሽማግሌ መምቻ ነው።»

«ሽማግሌ ነህ» አለች። «ምታ።»

መታ። ኳሱ ቀጥ ብሎ መረቡ መሃል ገባ። መሐንዲሱ ዞር ብሎ ያየው ባለሱቁን ሳይሆን እሷን ነው። እሷም እንደ ልጅ አጨበጨበች። ስታጨበጭብ ቀለበቷ ሊወልቅ ሲል ቶሎ ያዘችው፤ እንዲጠብቅ ክር ጠምጥማበታለች።

«ለቁመታቸው ግን ትንሽ ያጥራል» አለ ባለሱቁ። «በልካቸው ላዝዝላቸው። ቢበዛ ሦስት ወር ነው።»

«ሦስት ወር አንጠብቅም» አለች ፈጥና። «ያለውን ስጠን።»

«ምን ያስቸኩላል?» አለ ባልየው።

«ክረምቱ ሳይገባ።»

መሐንዲሱ እያጉረመረመ መኪናውን ሊያቀርብ ወጣ። እሷም ባለሱቁን በእጇ ጠቅሳ ጠራችው።

«የኔ ልጅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረሃቸው የምትጫወታቸው ሰዎች አሉ?»

«አሉ እትዬ። ሦስት ነን።»

«አራተኛ አድርጉት። ድሮ አንድ ቀን ኳስ ደጋግሞ ቢስት መምቻውን ኩሬ ውስጥ ወርውሮ መጣ፤ በዚያው ቀረ። አሁንም ከተናደደ ይቀራል። ቤት ተቀምጦ እንዳይቀርብኝ፣ አደራ። ብረቶቹን ማጠብም አሳየው፤ ድሮ የማጥብለት እኔ ነበርኩ።»

ባለሱቁ በመስታወቱ ወደ ውጭ አየ። መሐንዲሱ በሚንቀጠቀጥ እጁ የመኪናውን ቁልፍ ማስገባት አቅቶት ይታገላል።

«ሐኪም ምን አለ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ረጅም ጊዜ የለም ነው ያሉት» አለች። «እሱ አያውቅም። እንዳትነግርብኝ።»

ባለሱቁ እሺ አላት። የገዛ አባቱም ሲሞት እንዲሁ ነበር። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ አውቆ፣ የማያውቀው በሽተኛው ብቻ።

ነገሩን ሆድ ይፍጀው ሊል አስቦ ነበር፤ ለሁለቱ ጓደኞቹ ሳይናገር ግን አላደረም። አንዱ የጥርስ ሐኪም ነው፣ ሌላው የሒሳብ መምህር። ሦስቱም ለሚሞት ሰው ምን ይከለከላል ብለው ተስማሙ። የመሐንዲሱ ኳስ ቁጥቋጦ ሥር ሲገባ መምህሩ በጫማው ጫፍ ገፋ አድርጎ ያወጣለታል። ከጉድጓዱ ክንድ ሲርቅ የጥርስ ሐኪሙ «ገብቷል ጋሼ!» ብሎ ያነሳለታል።

መሐንዲሱ ማሸነፍ ጀመረ። «ብረቶቹ ናቸው» ይላል። «እሷ ናት የመረጠችልኝ።» እጁ ከወጣትነቱ ጀምሮ እንደሚንቀጠቀጥ ነገራቸው፤ አንገታቸውን ነቀነቁለት እንጂ አላመኑትም። ከቅዳሜ ቅዳሜ ፊቱ ወዛ፣ ጉንጩ ሞላ።

«ኩራዝም ሊጠፋ ሲል ቦግ ይላል» አለ የጥርስ ሐኪሙ በሐዘን።

ጨዋታው ሲያልቅ መሐንዲሱ ሁልጊዜ ሜዳው ዳር ቆሞ ለሚስቱ ይደውላል፤ እያንዳንዷን ምት ይተርክላታል። መጀመሪያ አካባቢ ወሬው አያልቅም ነበር። በኋላ እያጠረ ሄደ።

«አሁንማ ቶሎ ትዘጋብኛለች» አለ አንድ ቀን ስልኩን ኪሱ እየከተተ። «ጎልፍ ሰልችቷታል መሰለኝ።»

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ መሐንዲሱ ቀረ። ጠበቁት። ባለሱቁ ደወለለት፤ ያነሳችው አንዲት የምታለቅስ ልጅ ነበረች። «ለቅሶ ላይ ነን» ብላ ዘጋችው።

ሦስቱ ወንዶች ሣሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ባለሱቁ ሳያፍር አለቀሰ።

«እየሳቀ ሄደ» አለ መምህሩ። «ይሄም ትንሽ ነገር አይደለም።»

ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ሄዱ። ባለሱቁ መንገዱን ሙሉ ለእሷ የሚላትን ሲያጠና ነበር። እትዬ፣ አደራዎን አልበላንም፤ አንድም ቀን አልተናደደም። ይህን ብቻ ሊላት ነው።

የቤቱ በር ክፍት ነበር። መተላለፊያው ላይ ብረቶቹ ከነቦርሳቸው ቆመዋል፤ አንዲት የሣር ቅጠል ሳትቀርባቸው ታጥበዋል። ሳሎኑ ግድግዳውን ተከትሎ በተደረደሩ ወንበሮች ሰው ሞልቶታል። ባለሱቁ ኮፍያውን አውልቆ ሴትዮዋን በዓይኑ ፈለገ።

ሊቀበላቸው ከመሃል ብድግ ያለው መሐንዲሱ ነበር። ክር የተጠመጠመበትን ቀለበት በትንሿ ጣቱ አጥልቋል።