የባቲ በርበሬ

ፀሐይ ስትጠልቅ ሰማዩ ጥርት ሲል ኡምሀኒ ፈራች። እናቷ ከመሞቷ በፊት የላከችላትን የመጨረሻ የበርበሬ ዘር በቆላው በባቲ ልማድ በጥቅምት መባቻ ዘርታው በቅሎ ነበር።

«ነግሬሻለሁ፤ አቃቂ ቆላ አይደለም» አሉ ጎረቤቷ ጋሽ የሺዋስ ከአጥሩ ማዶ። «እንዲህ ጠርቶ ካደረ ውርጩ አንዱንም አይምርልሽም።»

ሻርፗን አውልቃ ችግኞቹ ላይ ዘረጋች፤ ሲሶውን እንኳ አልሸፈነም።

ዕለቱ ኅዳር ሲታጠን ነበርና ሰፈሩ በሽታ ለማባረር በየደጁ ቆሻሻ ያጤስ ነበር። ጋሽ የሺዋስ ለደጃቸው የከመሩትን ገለባና እርጥብ ቅጠል በጆንያ ጎትተው ከችግኝ መደቧ አጠገብ ዘረገፉና ክብሪት ጫሩ።

«የእርስዎ ደጅስ፣ ጋሼ?»

«የዘንድሮው በሽታ እዚህ ነው። ጭስ ከተኛበት ውርጭ አይወርድም።»

ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ኡምሀኒ እርጥብ ቅጠል ጨመረችበት። ከዚያ ጭሱ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ችግኞቹን አለበሳቸው።