ከመጋረጃው ወዲህና ወዲያ

ሩሰል ለስብሰባ ሽቶ መቀባት የጀመረው አሪዞና ከገቡ በኋላ ነው።

ሚስቱ ኖሪን መጀመሪያ ነገሩን በሳቅ አለፈችው። ላፕቶፕ ሽታ አያሻግርም፤ ታዲያ ለማን ነው? ከወገቡ በላይ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ከወገቡ በታች ያረጀ ቁምጣ ለብሶ ጠባቧ ጠረጴዛ ጋ ይሰየማል። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይጭንና ያወራል፤ ይስቃል። በሃያ ዓመት ትዳራቸው ለእሷ እንደዚያ የሳቀበት ጊዜ ትዝ አይላትም።

ኦሃዮ ያለውን ቤታቸውን ሸጠው አልጋና ምድጃ ያለው ይህን ረዥም መኪና ሲገዙ ሐሳቡ የሁለቱም ነበር። ልጃቸው ራሷን ችላ ወጥታለች። ሥራቸው በኢንተርኔት ስለሆነ የትም ተቀምጠው ይሠሩታል። ቀን ሊሠሩ፣ ማታ ደጅ ወንበር አውጥተው ኮከብ ሊያዩ ነበር። ቃልም ተገባብተዋል፤ ከሁለት አንዳቸው ሥራ ካጡ በዚያው ዕለት ይነጋገራሉ፣ እጃቸው ላይ ያለው ገንዘብ ሳያልቅ ወደ ኦሃዮ ይመለሳሉ።

አሁን ግን ኮከብ የሚያይ የለም። አሸዋው አንሶላ ውስጥ ይገባል፣ ምግብ ውስጥ ይገባል። የቆሻሻ ውሃውን የመድፋት ተራ የማን እንደሆነ መጨቃጨቅ እንኳ ሰልችቷቸዋል። አንዱ ሲያልፍ ሌላው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያሳልፈዋል፤ ከዚያ ያለፈ መነካካት ከቀረ ሰነበተ።

ጠዋት ጠዋት መኪናውን በመጋረጃ ለሁለት ይከፍሉታል። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ አልጋው ጫፍ ላይ። እሷም ፀጉሯን አበጥራ፣ ከንፈሯን ቀብታ፣ "ትሰሙኛላችሁ?" ብላ ትጀምራለች። የአንዱ ድምፅ የሌላውን እንዳይረብሽ ተብሎ የተሰቀለው መጋረጃ ምንም የሚከልለው ነገር የለም።

ያን ቀን ጠዋትም እንደዚያው ተቀመጡ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ያደረው ንፋስ በርዷል። ኖሪን ስለ ደንበኞች ቅሬታ እየተናገረች ሳለ ከመጋረጃው ወዲያ የባሏን ድምፅ ሰማች፤ ዝግ ያለ፣ የሚያባብል ድምፅ ነበር።

"አንቺ ባትኖሪማ እኔን ምን ይውጠኝ ነበር?" አለና ሳቀ።

ኖሪን ንግግሯን አቋርጣ አዳመጠች። ብዙ ቆይታ አዳመጠች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ጨረሰች።

ከምሳ በኋላ የቆሸሸ ልብስ ሰብስባ መኪናቸውን ወዳቆሙበት ሰፈር የጋራ ልብስ ማጠቢያ ሄደች። እዚያ ፐርል የምትባለውን ጎረቤታቸውን አገኘቻት። በየክረምቱ ብርዱን ሸሽታ ከካናዳ የምትመጣ ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት፤ ፎጣዎቿን እያጣጠፈች ነበር።

"የኔ ልጅ፣ ፊትሽ ጥሩ አይደለም። እናንተም ሥራ ፈትታችሁ ዋላችሁ አይደል?" አለቻት።

ኖሪን ምን ለማለት እንደፈለገች ጠየቀቻት።

"ኢንተርኔቱ ነዋ! ትናንት ማታ ንፋሱ የኢንተርኔቱን ምሰሶ ገንድሶ ጥሎታል። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ ተቋርጦበታል። ስልክ እንደሆነ እዚህ ሸለቆ ውስጥ ድሮም አይሠራም። የልጅ ልጆቼን ሳላይ ዋልኩ።"

ኖሪን እጇ ላይ ያለውን ካልሲ ይዛ ቀረች። ሩሰል ጠዋት ያወራው ከማንም ጋር አልነበረም። ሴት የለችም! ፐርል እስክትደነግጥ ድረስ በእፎይታ ብቻዋን ሳቀች።

ልብሱን እዚያው ትታ ወጣች። ግቢውን አቋርጣ መኪናው ጋ እስክትደርስ ግን እፎይታዋ ወደ ንዴት ተለወጠ። ሴት ከሌለች ሥራም የለም ማለት ነው። ሸሚዙ፣ ሽቶው፣ ያ ሁሉ ሳቅ ለእሷ የተዘጋጀ ቲያትር ነበር። በዚያው ዕለት እንነጋገራለን የተባባሉት ሰዎች የት ሄዱ? ጎማ ላይ በቆመች አንዲት ክፍል ውስጥ እየኖረ ሰው ሚስቱን እንዴት እንዲህ ይዋሻል?

ስትገባ ሩሰል የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ነበር።

"ስብሰባ አለኝ" አላት።

"ከማን ጋር?"

"ከቡድኑ ጋር ነዋ።"

"ሩሰል፣ ኢንተርኔት የለም። ምሰሶው ወድቋል።"

እጁ ቁልፉ ላይ ቆመ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሊያስተባብል አልሞከረም፤ ለዚያ የሚሆን አቅም አልነበረውም። ኒው ሜክሲኮ ሳሉ እንዳሰናበቱት፣ ሊነግራት ፈልጎ ማታ ማታ ፊቷን ሲያይ እንደሚያቅተው ነገራት።

"ቀኑን ሙሉ ስትለፊ ውለሽ፣ እንዴት ብዬ ልጨምርብሽ?"

"ሥራማ ይገኛል" አለች ኖሪን። እንባዋ መጣ። "እኔ ሌላ ሴት ያለች መስሎኝ ስቃጠል ከረምኩ። አንተ ለባዶ ስክሪን ትስቃለህ። ቃል ተገባብተን አልነበር? እኔን መዋሸት እንዴት አስቻለህ?"

ሩሰል አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ሰማት። ትክክል ናት። በመጨረሻ ፊቱን በሁለት እጁ አሽቶ ቀና አለ።

"መቼ ነው የወደቀው?"

"ትናንት ማታ።"

መጋረጃውን አየ፣ ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

"ታዲያ አንቺ ዛሬ ጠዋት ከማን ጋር ስታወሪ ነበር?"